ስምንት ወይስ ዘጠኝ? የአንድ ታክሲ ነጂ የቤዝቦል ጉዞ

ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ 16 ዓመቴ ነው። በነዚህ ዓመታት ናሽናልስ ፓርክ የሚባለው የቤዝቦል ስታዲየም ያደረስኩትን ሰው ብዛት ፈጣሪ ይቁጠረው። ቀይ ማሊያ ለብሰው ይገባሉ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ማሊያው ላይ ሰናፍጭ አንጠባጥበው ይወጣሉ። እኔ የማውቀው በሩን ብቻ ነበር። የትኛው ጥግ ላይ ፖሊስ እንደሚያባርር፣ የትኛው ጋ ተሳፋሪ ቶሎ እንደሚገኝ አውቃለሁ። ውስጥ ምን እንደሚደረግ ግን ጠይቄም አላውቅ።

ነገሩን የቀየረው ልጄ ነው። 13 ዓመቱ ነው፣ እዚሁ ነው የተወለደው። አማርኛ ይሰማል፣ ሲመልስ በእንግሊዝኛ ነው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ሊቆጥር ጀምሮ ነበር። ገና ጥቂት መስመር እንደሄደ አቋረጠው። ለምን ቢባል እሑድ ቤዝቦል አለ። የሜጀር ሊግን፣ ማለትም የትልቁን የቤዝቦል ሊግ፣ ስታዲየሞች ስምና የተከፈቱበትን ዓመት ግን እንደ ዳዊት በቃሉ ይወጣዋል። 30 ናቸው። 29ኙ አሜሪካ ውስጥ፣ አንዱ ቶሮንቶ። አልጋው በላይ ካርታ ሰቅሎ ሁሉንም አንድ ቀን አያለሁ ይላል።

"አባዬ፣ በዚህ ክረምት ስንቱን እናያለን?" አለኝ። ታክሲ ነጂ ፈቃድ የሚጠይቀው ኪሱን ነው። ጠየቅኩት። 11 ቀን ፈቀደልኝ።

መንገዱ ቀላል ነው። ራስ ምታቱ መርሐ ግብሩ ነው። አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ አለው፣ በሜዳው የሚጫወተው 81ዱን ነው። አንተ ከተማው ስትደርስ ቡድኑ ሌላ አገር ሄዷል። ልጁ ሦስት ሳምንት ወረቀት ላይ ሲያሰላ ከርሞ መስመሩን አወጣ። ሕግም አወጣ፦ ቢያንስ አንድ ኢኒንግ፣ ማለትም አንድ ዙር፣ ጨዋታ ያላየንበት ስታዲየም አይቆጠርም። እሺ አልኩ። ይህች "እሺ" በኋላ ዋጋ አስከፍላኛለች።

እናቱ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ቋጠረችልን። አሮጌዋ ካምሪ ዘይት ተቀየረላት። ወጣን።

ቀን 1፦ ዋሽንግተን

ወጣን ስል 20 ደቂቃ ነው የነዳነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ናሽናልስ ፓርክ። ጨዋታው ማታ 1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። መኪና ማቆሚያው ጋ ያለው ሰው የኛው ሰው ነው፣ ዓመታት እንተዋወቃለን።

"አንተ! ዛሬ ደግሞ ማንን አመጣህ?"

"ራሴን ነው ያመጣሁት" አልኩት፣ ቲኬቱን እያሳየሁ።

"በል ተው!" ብሎ ሳቀ። "ቤዝቦል? አንተ?" ከዚያ ልጁን አየና ገባው። "እንግዲህ ታገሥ። ረጅም ነው።"

ደረጃውን ጨርሰን ሜዳው ብቅ ሲል ሣሩን ነው ያየሁት። እንዲህ ያለ አረንጓዴ አይቼ አላውቅም። ማጨጃው ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ መስመር አውጥቶበታል፣ እንደ ጥለት። 16 ዓመት ይሄ ከግድግዳው ጀርባ ነበር።

ጨዋታውን ልጁ ሲያስረዳኝ እንዲህ ነው የገባኝ። ወርዋሪው ከ18 ሜትር ከምናምን ርቀት ይወረውራል። መቺው ክብ ዱላ ይዞ ይጠብቃል። ሦስት ጊዜ ከሳተ ወጣ። ሦስት ሰው ከወጣ ተራ ይቀየራል። ይህ ዘጠኝ ጊዜ ይደጋገማል። ለጨዋታው ማለቂያ ሰዓት የለውም፣ እኩል ለእኩል መለያየትም የለም። እኩል ከሆኑ ይቀጥላሉ። ለኳስ አፍቃሪ ሐበሻ ይህ ከባድ ነው። 90 ደቂቃ የሚባል ነገር የለም። ወርዋሪው ግን ከ2023 ጀምሮ (በኛ ካላልኩ ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ሰዓት ተቆጥሮበታል። ቤዝ ላይ፣ ማለትም መቺው ከመታ በኋላ ሮጦ የሚደርስባቸው ማረፊያዎች ላይ፣ ሯጭ ከሌለ በ15 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት። ድሮ ጢሙን እያሻሸ የፈለገውን ያህል ይቆም ነበር አሉ። እንኳን ያኔ አልመጣሁ።

ልጁ እርሳስና የመመዝገቢያ ካርድ ይዟል። በየተራው የሆነውን ሁሉ ይጽፋል። መቺው ሰንዝሮ ሦስተኛዋን ከሳተ "ኬ" የምትባለዋን የፈረንጅ ፊደል ያሰፍራል። ሳይሰነዝር ቆሞ ካሳለፋት ፊደሏን ገልብጦ ይጽፋታል። "ለምን ኬ?" አልኩት። "በቃ እንደዛ ነው" አለኝ። ይህ መልስ አልበቃኝም። እኔም አንድ ካርድ ገዛሁና በራሴ ሕግ ጀመርኩ፦ ሰንዝሮ የሳተ "ሳ"፣ ፈዞ የቀረ "ፈ"። ልጁ ካርዴን አየና ፊቱን አዞረ። ባያውቁኝ ይሻል ነበር የሚል ፊት ነው።

አራተኛው ኢኒንግ ላይ ትልልቅ ጭንቅላት ያጠለቁ ፕሬዚዳንቶች ሜዳው ዳር ይሮጣሉ። ዋሽንግተን፣ ጀፈርሰን፣ ሊንከን፣ ቴዲ ሩዝቬልት። ቴዲ ሩጫው ከተጀመረበት ከ2006 አንስቶ እስከ ጥቅምት 2012 ድረስ አንድም ቀን አላሸነፈም። ከ500 ጊዜ በላይ ተሸነፈ። እኔ ወዲያው የቴዲ ደጋፊ ሆንኩ። ያን ቀንም ተሸነፈልኝ።

ቀን 2፦ ባልቲሞር

ካምደን ያርድስ። ልጁ "ሁሉንም የቀየረው ይሄ ነው" ይላል፣ እውነቱን ነው። ከዚያ በፊት አሜሪካኖች ስታዲየም የሚሠሩት እንደ ኮንክሪት ሳህን ነበር፣ ክብ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ለሁለት ስፖርት እንዲሆን። በ1992 ይሄ መሐል ከተማ ላይ በቀይ ጡብ ተሠራ። ከቀኝ ሜዳው ጀርባ 300 ሜትር ያለፈ ርዝመት ያለው አሮጌ የባቡር ዕቃ መጋዘን አለ። አላፈረሱትም፣ ግድግዳ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ የመጣው አብዛኛው ስታዲየም አሮጌ ለመምሰል ይታገላል።

በመጋዘኑና በሜዳው መሐል ዩታው የሚባል መንገድ አለ። ሆም ራን፣ ማለትም ከሜዳው አጥር አልፎ የሚወጣ ምት፣ ተመትቶ ኳሷ ያረፈችበት ቦታ ላይ ሁሉ ትንሽ የናስ ኳስ መሬቱ ውስጥ ተቀብራለች። ልጁ ከአንዷ ወደ አንዷ እየዘለለ ስም ያነባል። እኔ እየተከተልኩ ሰው እንዳይገፋ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የድሮው ዝነኛ ተጫዋች ቤብ ሩት የተወለደበት ቤት ጥቂት መንገድ ወረድ ብሎ ነው። እስከዚያ ድረስ የእግረኛ መንገዱ ላይ ኳስ ተሥሎበታል፣ ኳሱን እየተከተልክ ትደርሳለህ። 1895 ነው የተወለደው። አባቱ በአንድ ወቅት መጠጥ ቤት የነበረው ዛሬ ሜዳው ባለበት ቦታ ላይ ነው። ይሄን ስሰማ ሣሩን ሌላ ዓይን አየሁት።

አንድ ነገር አስደነገጠኝ። የአሜሪካ መዝሙር እየተዘመረ፣ ሁሉም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጸጥ ባለበት፣ ድንገት ሰው ሁሉ "ኦ!" ብሎ ጮኸ። ጠብ የተነሣ መሰለኝ። ለካ ቡድኑ ኦሪዮልስ ስለሆነ መዝሙሩ ውስጥ "ኦ" የሚለው ቃል ሲደርስ አብረው ይጮኻሉ። መዝሙሩ የተጻፈው እዚሁ ባልቲሞር፣ በ1814 ነው። የራሳቸው ነው፣ ይጩኹበት።

ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል። ጎረቤቶቻችን ለውዝ ይፈለፍላሉ፣ ቅርፊቱ እግራቸው ሥር ተራራ ሆኗል። እኔ ቆሎ አወጣሁ። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ አየት አየት ሲያደርጉ ዘገንኩላቸው። ትንሽ አላመጡና "ይሄ ቅርፊት የለውም!" አሉ በደስታ። እስከ ዘጠነኛው ኢኒንግ እጃቸውን ሦስት ጊዜ ዘረጉ።

ቀን 3፦ ፊላዴልፊያ

ምሳ ምዕራብ ፊላዴልፊያ። ባልቲሞር አቬኑ አካባቢ ሐበሻ ቤት አይጠፋም። ሽሮ በላን፣ ልጁም ሳይነጫነጭ በላ። ከዚያ ሰማዩ ተቀደደ።

ሜዳውን በትልቅ ሸራ ሸፈኑት። አንድ ሰዓት ከ50 ደቂቃ ጠበቅን። ፋናቲክ የሚባለው አረንጓዴ ፍጥረት፣ ከ1978 ጀምሮ እዚህ የሚያብድ፣ ዝናቡ ውስጥ ይጨፍራል። ሰው ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። የፊላዴልፊያ ሰው ቁጡ ነው ይባላል፣ የራሱን ተጫዋች ሳይቀር "ቡ" እያለ ያዋርዳል። እኔ ያየሁት ደግሞ ታጋሽ ነው። ቁጡም ታጋሽም መሆን ይቻላል፣ እናቴን ያየ ያውቃል።

የቤቱ ቡድን ሆም ራን ሲመታ ከሜዳው በላይ ያለው ግዙፍ ደወል በመብራት እየተወዛወዘ ይደውላል። አንድ ጊዜ ደወለ። ጫማዬ እስከ ማግስቱ አልደረቀም።

ቀን 4፦ ኩዊንስና ብሮንክስ

መኪናዋን ኒው ጀርሲ አንድ ዘመዳችን ቤት አቁመን በባቡር ገባን። ኒው ዮርክ ውስጥ መኪና ማቆም ለኔ ብጤ ሥራ እንጂ ሽርሽር አይደለም።

ጠዋት ኩዊንስ። የዚህ ሠፈር ቡድን ሜትስ ሌላ ከተማ ሄደዋል፣ ስለዚህ የጉብኝት ቲኬት ነው የቆረጥነው። ሲቲ ፊልድ በ2009 የተከፈተ ነው። ዋናው መግቢያ በጃኪ ሮቢንሰን ስም የተሰየመ ትልቅ ክብ አዳራሽ ነው። መሐሉ ላይ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ሰማያዊ "42" ቆሟል።

ልጁ እዚህ ጋ ድምፁ ቀነሰ። እኔም ታሪኩን በደንብ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ለአሥርት ዓመታት፣ እስከ 1947 ድረስ፣ በሜጀር ሊግ ጥቁር አይጫወትም ነበር። የተጻፈ ሕግ ሳይሆን ሁሉም የሚያውቀው ስምምነት ነው። ሚያዝያ 15 ቀን 1947 ሮቢንሰን የብሩክሊን ዶጀርስን ማሊያ ለብሶ ገባ። በኛ አቆጣጠር 1939 ነው። እኛ ጣሊያንን አስወጥተን ስድስት ዓመት ሆኖን ነበር። እዚህ ደግሞ ሰውየው ኳስ ሊመታ በመግባቱ የግድያ ዛቻ ይደርሰዋል፣ ከመቀመጫው ስድብ ይዘንብበታል። በ1997 ቁጥሩን ከሁሉም ቡድን አነሡት። ዛሬ 42 ቁጥር ለማንም አይሰጥም። በዓመት አንድ ቀን ብቻ፣ ሚያዝያ 15፣ ሁሉም ተጫዋች 42 ለብሶ ይገባል።

ተሳፋሪዎቼ ስለ ጃኪ ሮቢንሰን ሲያወሩ ሰምቼ አውቃለሁ። የቦክስ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ስንወጣ "አራተኛው ስታዲየም" አልኩ። "አይቆጠርም" አለ ልጁ። "ከሁሉም በላይ የሚቆጠረው ይሄ ነው" አልኩ። "ሕጉ ሕግ ነው አባዬ።" ባቡሩ ውስጥ እስከ ማንሃተን ድረስ ተከራከርን። አልፈታነውም።

ማታ ብሮንክስ፣ ያንኪ ስታዲየም። ነጭ ድንጋይ፣ ከፍታ፣ ወርቃማ ጽሑፍ። ቤተ መንግሥት መስሎ ነው የተሠራው፣ 27 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ቢኮራ አይገርምም። አንደኛው ኢኒንግ ላይ በቀኝ በኩል ያሉት ተመልካቾች የእያንዳንዱን ተጫዋች ስም እየጠሩ ይጮኻሉ፣ ተጫዋቹ ዞሮ እጁን እስኪያነሣ ድረስ አይለቁትም። ጥሩ ነው። እኔን ግን የያዘኝ ውጪ ያየሁት ነው። ከ1923 እስከ 2008 የነበረው አሮጌው ስታዲየም መንገዱን ተሻግሮ ነበር። አፍርሰው የሕዝብ ሜዳ አደረጉት። የሠፈር ልጆች እየተሰዳደቡ ይጫወቱበታል። ልጄ አጥሩን ይዞ "ቤብ ሩት የመታበት መሬት እኮ ነው" አለኝ። ከውስጡ አንዱ "መጫወት ትፈልጋለህ?" አለው። ገብቶ 20 ደቂቃ ተጫወተ። ለዋናው ጨዋታ ዘገየን፣ ምንም አላልኩም።

ቀን 5፦ ቦስተን

ፌንዌይ ፓርክ የተከፈተው ሚያዝያ 20 ቀን 1912 ነው። ታይታኒክ ከሰመጠች አምስት ቀን በኋላ። በኛ ሚያዝያ 12 ቀን 1904፣ አጼ ምኒልክ ገና በሕይወት እያሉ። አንድም ሌላ የሜጀር ሊግ ስታዲየም ከዚህ አያረጅም።

እርጅናው ያስታውቃል። መቀመጫው እንጨት ነው፣ ሲሠራ የሰው ወገብ ዛሬ ካለው ይቀጥን ነበር መሰለኝ። ርካሽ ቲኬት ገዝቼ ከፊቴ የብረት ምሰሶ ቆሞ አገኘሁት። ወርዋሪውን ለማየት ወደ ቀኝ፣ መቺውን ለማየት ወደ ግራ። ሦስት ሰዓት አንገቴን እንደ እስክስታ ስሰብቅ አመሸሁ።

በግራ በኩል አረንጓዴው ግድግዳ አለ፣ አረንጓዴው ጭራቅ ይሉታል። ቁመቱ ከ11 ሜትር ይበልጣል። ከጀርባው መንገድ ስላለ ሜዳውን ማስፋት አልቻሉም፣ ከፍ አደረጉት። የውጤት ሰሌዳው እግሩ ሥር ነው። ውስጡ ሰው ተቀምጦ ቁጥሩን በእጁ ይቀያይራል። ልጁ ያን ሥራ እንደሚፈልግ ነገረኝ። እኔም እፈልገዋለሁ። ጥላ አለው፣ ተሳፋሪ የለበትም።

በቀኝ በኩል አረንጓዴ መቀመጫዎች መሐል አንዲት ቀይ አለች። በ1946 የቦስተኑ መቺ ቴድ ዊሊያምስ የመታት ኳስ እዚያ አረፈች፣ 153 ሜትር። የተቀመጠውን ሰውዬ ኮፍያውን በስታ መታችው። ተኝቶ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ።

ቦስተኖች ቤብ ሩትን በ1919 መጨረሻ ለኒው ዮርክ ሸጡት። ከመሸጡ በፊት፣ በ1918፣ ሻምፒዮን ሆነው ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ 2004 ዋንጫ አላዩም። 86 ዓመት። እርግማን ነው ይሉታል። እኛ ብንሆን ጠበል ወስደን እንጨርሰው ነበር።

ቀን 6፦ ኩፐርስታውን

ስታዲየም አይደለም፣ የቤዝቦል ዝነኞች ሙዚየም ነው፣ በ1939 የተከፈተ። ከ2,000 ሰው በታች የሚኖርባት የሐይቅ ዳር መንደር ናት። አንድ ዋና መንገድ፣ ሁሉም ሱቅ ዱላና ኮፍያ ይሸጣል።

ለምን እዚህ? ድሮ ቤዝቦልን በ1839 አብነር ደብልዴይ የሚባል ሰው እዚህች መንደር ፈጠረው ተባለ። ሰውየው በኋላ ጄኔራል ሆኗል። ታሪክ አጥኚዎች ውሸት መሆኑን ደርሰውበታል፣ ሙዚየሙ ግን ቆሟል። ደስ አለኝ። የኛው ካልዲና ፍየሎቹም እንደዚያው ናቸው። ቡናው እውነት ነው፣ ፍየሉ ማን አየው?

የነሐስ ምስሎቹ አዳራሽ ውስጥ ልጁ አንዱ ፊት ቆሞ ቀረ፦ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ። "ነገ የሱ ከተማ ነን" አለኝ።

ቀን 7፦ ፒትስበርግ

ስታዲየም ምረጥ ካላችሁኝ ይሄ ነው። ፒኤንሲ ፓርክ፣ 2001። ከመሐል ከተማው በክሌሜንቴ ስም በተጠራው ቢጫ ድልድይ ትሻገራላችሁ። የጨዋታ ቀን ለመኪና ይዘጋል። በሕይወቴ የተዘጋ መንገድ አይቼ የተደሰትኩት ያን ቀን ብቻ ነው። መቀመጫችሁ ላይ ሆናችሁ ወንዙን፣ ድልድዮቹን፣ ከዚያ ማዶ ፎቆቹን ታያላችሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ መስታወቱ ሁሉ ብርቱካን ይሆናል። ሁለት ኢኒንግ ሳልመዘግብ አለፈኝ።

ክሌሜንቴ ፖርቶ ሪኳዊ ነው። ጥቁር፣ እንግሊዝኛውን ጋዜጠኞች እየቀለዱበት የጻፉበት። ይሄን ስሰማ ጆሮዬ ቆመ። 18 ዓመት ለፒትስበርግ ተጫወተ፣ በ1972 የመጨረሻ የሊግ ጨዋታዎቹ ላይ 3,000ኛ ምቱን መታ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ኒካራጓ ውስጥ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። ዕርዳታ ሰብስቦ ላከ። ዕርዳታው ለተጎጂው እንዳልደረሰ ሲሰማ ራሴ አደርሳለሁ ብሎ አውሮፕላን ላይ ወጣ። ታኅሣሥ 31 ሌሊት አውሮፕላኑ ከፖርቶ ሪኮ እንደተነሣ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ሬሳው አልተገኘም። 38 ዓመቱ ነበር። የምቱ ቁጥር ልክ 3,000 ላይ ቆመ። የቀኝ ሜዳው ግድግዳ ቁመት 21 ጫማ ነው፣ ማሊያው 21 ቁጥር ስለነበር።

ጨዋታው ካለቀ በኋላ ድልድዩ መሐል ቆመን ወንዙን አየን። ልጁ "እሱ ባይሄድ ኖሮ ስንት ይመታ ነበር?" አለኝ። "መሄድ ነበረበት" አልኩት። ሌላ አልተናገርንም።

ያረፍንበት ሞቴል ግን ይቅር። ሌሊቱን ሙሉ የበረዶ ማሽን በግድግዳው በኩል ሲያንኮራፋ አደረ።

ቀን 8፦ ክሊቭላንድ

ሁለት ሰዓት መንገድ። ስታዲየሙ ደህና ነው፣ 1994። እኔ የመጣሁት ለድልድዩ ነው። ቡድኑ ለብዙ ዘመን በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ስም ይጠራ ነበር፣ ከ2022 ጀምሮ ጋርዲያንስ ሆነ። ስሙ የመጣው በአቅራቢያው ካለው ድልድይ ምስሎች ነው። ግዙፍ የድንጋይ ጠባቂዎች ናቸው። ክንፍ ያለው ቆብ ደፍተዋል፣ በእጃቸው ተሽከርካሪ ይዘዋል። አንዱ ጋሪ፣ አንዱ መኪና፣ አንዱ የጭነት መኪና። የትራፊክ ጠባቂዎች ይባላሉ።

አስቡት! ሹፌር የሚጠብቅ ምስል አቁመው፣ ቡድንም ሰየሙለት። ካምሪዋን ከፊቱ አቁሜ ፎቶ አነሣኋት። ልጁ ከመኪናው አልወርድም አለ፣ አፍሮ።

ቀን 9፦ መንገድ

ወደ ቺካጎ። በቆሎ። ደግሞ በቆሎ።

ቀን 10፦ ቺካጎ

ሪግሊ ፊልድ በ1914 ሚያዝያ ተከፈተ፣ ምኒልክ ካረፉ አራት ወር በኋላ። በሠፈር መሐል ነው ያለው። ከባቡሩ ወርዳችሁ ሁለት እርምጃ ነው፣ ማዶ ያሉት ፎቆች ጣራ ላይ ሰው ተቀምጦ ጨዋታ ያያል። እስከ 1988 ድረስ መብራት አልነበረውም፣ ሁሉም ጨዋታ በቀን ነበር። የኛም ቀን ነው፣ 7 ሰዓት ከ20 ላይ። ቤዝቦል የቀን ነገር መሆኑ እዚህ ነው የገባኝ። ፀሐይ፣ ቀዝቃዛ ነገር፣ ሥራ የቀረ የሚመስል ሕዝብ።

የሜዳው ግድግዳ ሐረግ ለብሷል፣ በ1937 የተተከለ ነው። ኳስ ገብታ ከተቀረቀረች ተጫዋቹ ሁለት እጁን ያነሣል፣ መቺው ሁለተኛው ቤዝ ላይ ይቆማል። እንግዳው ቡድን ሆም ራን ሲመታ ኳሱን ያገኘ ሰው መልሶ ወደ ሜዳው ይወረውረዋል። አንድ ሰውዬ ሲያመነታ ዙሪያው ያለው ሁሉ "ወርውር! ወርውር!" ብሎ አስጨነቀው። ወረወረ። ፊቱን ብታዩት ልጁን የዳረ ይመስላል።

እዚህም እርግማን አለ፣ ይሄኛው በፍየል ነው። በ1945 የዋንጫ ጨዋታ ላይ አንድ መጠጥ ቤት ያለው ሰው ለፍየሉ ሳይቀር ቲኬት ገዝቶ መጣ። ከነፍየሉ አስወጡት፣ ረገማቸው። ከ1908 ወዲህ ዋንጫ ያላገኙት ሰዎች እስከ 2016 ጠበቁ። ልጁ ይሄን ሲነግረኝ ከፊታችን መቺው ከራሱ በላይ ያለፈችውን ኳስ ሰንዝሮ ሳተ። "ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ" አልኩ። ልጁ "ምን ማለት ነው?" አለ። ተርጉሜ ሳስረዳው አንድ ኢኒንግ አለፈን። በመጨረሻ ግን ሳቀ፣ ያውም ከልቡ።

ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ ሁሉም ብድግ ብሎ ይዘምራል። በየስታዲየሙ ነው፣ እዚህ ግን ይብሳል። ቺካጎ አሸነፈ፣ ሰማያዊ ፊደል ያለበት ነጭ ባንዲራ ሰሌዳው ላይ ወጣ። በባቡር የሚያልፍ ሰው አይቶ ውጤቱን እንዲያውቅ ነው።

ቀን 11፦ ወደ ቤት

1,100 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቆሎው ኢንዲያና ላይ አለቀ። ኦሃዮን ስናቋርጥ ሬዲዮ ላይ ጨዋታ አገኘን። ልጁ ከጎኔ ካርዱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጽፋል፣ እኔ እነዳለሁ። በሬዲዮ ቤዝቦል ይጣፍጣል። ተራኪው ዝም ሲል የሕዝቡ ጉምጉምታ ይሰማል፣ የዝናብ ድምፅ ይመስላል። ፔንሲልቬንያ ተራሮች ላይ ጣቢያው ጠፋ፣ ልጁም ተኛ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ገባን።

በማግስቱ ለሥራ ስወጣ መኪናዋን ጠረግኩ። የለውዝ ቅርፊት፣ የቲኬት ቁራጭ፣ አንድ ካልሲ። ከወንበሩ ሥር የልጁን ካርድ አገኘሁት። በየሳጥኑ "ሳ" አለ። አራት ቦታ ላይ ደግሞ "ፈ" አለች። አንዷ ተገልብጣለች፣ አንዷ "ረ" ለመሆን ምንም አልቀራትም።

ከታች በኩል በትልቁ "22 ቀሩ" ብሎ በእንግሊዝኛ ጽፎ ከሥሩ አስምሮበታል። እርሳስ ፈልጌ ሰረዝኩና 21 አደረግኩት።